ከመንደር አዋላጅ እስከ ሆስፒታል ነርስ፦ የነርስነትና የአስታማሚነት ሥልጠና በኅብረተሰባችን

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በሽታውን ሳይደብቅ፣ የሚያስረዳበት ቋንቋ አጥቶ ዝም የሚል ሕመምተኛም አለ። ባለፉት 40 ዓመታት በእስራኤል አገር እናቶቻችንና አባቶቻችን በኩፓት ሖሊም ወንበር ተቀምጠው የገባቸው መስለው ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ መድኃኒቱን ይዘው ቤት ከገቡ በኋላ ግን የልጅ ልጃቸውን «ምን ነበር ያለኝ?» ብለው ሲጠይቁ ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በሕመምተኛውና በሐኪሙ መካከል የምትቆመው ነርሷ ናት። በቤት ውስጥ ደግሞ አስታማሚዋ፣ በዚህ አገር አጠራር መታፔሌት፣ ናት።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል እናያለን። አንደኛ፣ ኅብረተሰባችን በኢትዮጵያ ሳለ ሕሙማንን እንዴት ያስታምም እንደነበረና ዘመናዊው ሥልጠና እንዴት እንደመጣ፤ ሁለተኛ፣ እዚህ በፔታ ቲክቫና በመላው እስራኤል የሙያው ደረጃዎች ምን እንደሆኑ፤ ሦስተኛ፣ ልጆቻችን በሙያው ሲሠለጥኑ የሚያገኙትና የሚያጡት ምን እንደሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመንደር ሳለን ያስታመመን ማን ነበር?

በጎንደር፣ በስሜን፣ በወልቃይትና በትግራይ በነበሩት መንደሮቻችን ነርስ የሚባል ሙያ አልነበረም፤ ሥራው ግን ነበረ። አጥንት ሲሰበር ወጌሻ ይጠራል፣ ምጥ ሲይዝ አዋላጅ ትጠራለች፣ ለሆድ ትል ኮሶ ይጠጣል፣ ምች ለመታው ሰው ዳማከሴ ይታሽለታል። ታማሚ ያለበት ቤት ብቻውን አያድርም። ጎረቤት በተራ ይጠይቃል፣ ያድራል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እህል ይፈጫል። ይህን ዕብራይስጡ «ቢኩር ሖሊም» ይለዋል፤ እኛ «የታመመ መጠየቅ» እንለዋለን። ነገሩ አንድ ነው።

በቤተ እስራኤል ዘንድ ከሁሉ የከበደው ሥራ የአዋላጂቱ ነበር። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እንደታዘዘው፣ ወንድ የወለደች ሴት 40 ቀን፣ ሴት የወለደች ደግሞ 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቆይ ነበር። በመጀመሪያ በመርገም ጎጆ፣ ከዚያም በአራስ ጎጆ ትቀመጣለች። ጎጆው በድንጋይ የታጠረ ስለሆነ ምግቧ ከድንጋዩ ውጭ ሆኖ ይቀርብላታል። ተመራማሪዎች ስለዚህ ሥርዐት ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በመንጻትና በመርከስ ላይ ነው። በውስጡ ያደግን ሰዎች ግን ሌላም ነገር እናይበታለን። አራሷ በእነዚያ ሁሉ ቀናት ከወፍጮ፣ ከእንጨት ለቀማና ከማሳ ሥራ ታርፍ ነበር። አዋላጂቱ ደግሞ አራሷን ስለነካች እርሷም ተለይታ ትቆያለች፤ ልብሷንና ገላዋን ታጥባ ሳትነጻ ወደ ቤቷ አትመለስም። ስለዚህ አዋላጅነት በእጅ ማወቅን ብቻ ሳይሆን የራስን ቀናት፣ የራስን ቤትና ልጆች ትቶ መቆየትንም ይጠይቅ ነበር።

ኦሪት ዘጸአትን የተማረ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። መጽሐፉ ሕፃናቱ እንዲገደሉ ያዘዘውን ፈርዖን በግል ስሙ አይጠራውም፤ የሁለቱን አዋላጆች፣ የሲፓራንና የፉሐን፣ ስም ግን ጽፎ አስቀርቶልናል። እኛ የመንደሮቻችንን አዋላጆች ስም በጽሑፍ አላስቀረንም። እነርሱን የሚያውቁ ሰዎች በዕድሜ እየገፉ ስለሆነ ይህ ሥራ ሊዘገይ አይገባም።

ዘመናዊው ሥልጠና በኢትዮጵያ

ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ አገር ሄደው የነርስነት ሙያ ከተማሩት መካከል ቀድማ የምትጠራው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ናት። ጣልያን አገሪቱን ወርሮ በ1936 ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሲሰደድ፣ ልዕልቲቱ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተማረች። በ1941 አገር ነጻ ሲወጣ ተመለሰች፤ ነገር ግን በ1942 ገና በ22 ዓመቷ በነቀምት ዐረፈች። በ1951 በአዲስ አበባ የተከፈተው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በስሟ የተሠራ ነው። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፏና ቁስል ማጠቧ ሥራውን በሕዝብ ዓይን ከፍ አድርጎታል፤ ከዚያ በፊት በሽተኛ ማጠብ የአሽከርና የገረድ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበርና።

ለእኛ አካባቢ የቀረበው ግን የጎንደሩ ነው። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በጎንደር ከተማ ተከፈተ። ኮሌጁ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ርዳታ የተቋቋመ ሲሆን፣ ጤና መኮንኖችን፣ ኮሙኒቲ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ዓላማው በከተማ ሆስፒታል የሚቀመጡ ባለሙያዎችን ማፍራት አልነበረም፤ ሦስቱም ባንድነት ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረትም ይኸው ኮሌጅ ነው። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ባለችው በወለቃ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በቅርቡ ያዩት በዚያ ዘመን ነው።

በገጠሩ ግን ሕዝቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ድሬሰሩን ነበር። ድሬሰር ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ክኒን ያድላል። በደርግ ዘመን ጤና ረዳት የሚባለው ተጨመረ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን የተባለው ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማርቷል። እነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ 10ኛ ክፍል የጨረሱና ለ1 ዓመት ያህል የተማሩ ናቸው።

ኅብረተሰባችን የአስታማሚን ዋጋ በመራራ ሁኔታ ያየው በስደት ጊዜ ነው። በ1984 በሱዳን በኡም ራኩባና በሌሎች ካምፖች ብዙ ወገኖቻችን በረኀብና በተስቦ አለቁ። በመንገድና በካምፕ የሞቱት 4,000 ገደማ እንደሆኑ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ያለው መታሰቢያም የቆመላቸው ለእነርሱ ነው። በዚያ ካምፕ የቆመ ሰው የወደቀውን ከማስታመም በቀር ሌላ ነርስ አልነበረም። በ1990 ደግሞ በሺሕ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ወርደው በጠባብ ኪራይ ቤቶች ሲሰበሰቡ ኩፍኝና ሳንባ ነቀርሳ በተለይ ሕፃናቱን ይጎዳ ጀመር። ጆይንት የተባለው የአይሁድ ርዳታ ድርጅት ክሊኒክ ከፈተ፤ ዶክተር ሪክ ሆድስም በዚያ ሠርቷል። ከራሱ ከኅብረተሰቡ የተመረጡ ወጣቶችም አጭር ሥልጠና ወስደው ቤት ለቤት እየዞሩ ታማሚውን ይፈልጉ፣ ክትባት ያልወሰደውን ሕፃን ወደ ክሊኒክ ያመጡ ነበር። የማን ልጅ እንደታመመና የትኛው ቤት እንደሚደብቅ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ሲጓጓዝ፣ የዚህ ሥራ ፍሬ አብሮ መጣ።

የተስፋ በር

ፔታ ቲክቫ ማለት የተስፋ በር ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው ከነቢዩ ሆሴዕ መጽሐፍ ምዕራፍ 2 ነው። ከተማዋ በ1878 ከኢየሩሳሌም በወጡ አይሁድ ስትመሠረት የመጀመሪያ ጠላቷ ወባ ነበረች። ያርኮን ወንዝ አጠገብ ባለው ረግረግ ምክንያት ብዙዎቹ መሥራቾች ታመው ቦታውን ለጥቂት ጊዜ ጥለውት እስከ መሄድ ደርሰው ነበር። ተመልሰው ከመጡ በኋላ ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ ተከሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው በደንብ የሚያውቀውን ያንኑ ዛፍ መሆኑ ነው። ከቆላ የወጡ ሽማግሌዎቻችን ይህን ታሪክ ሲሰሙ ወዲያው የሚገባቸው ለዚህ ነው።

ዛሬ ከተማዋ በሕክምና ተቋሞቿ ትታወቃለች። የቤይሊንሶን ሆስፒታል በ1936 ተከፈተ። በ1996 ከሻሮን ሆስፒታል ጋር ተጣምሮ፣ በ1995 በተገደለው ጠቅላይ ሚኒስትር በይስሐቅ ራቢን ስም የራቢን ሕክምና ማዕከል ተባለ። በአጠገቡ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የሽናይደር የሕፃናት ሕክምና ማዕከል አለ። ለአረጋውያን ቤት ሪቭካ፣ ለአእምሮ ሕሙማን ጌሃ በዚሁ ከተማ ይገኛሉ። በራቢን ማዕከል ውስጥም ዲና የተባለው አካዳሚያዊ የነርሲንግ ትምህርት ቤት አለ። እንግዲህ ከመንደራችን አዋላጅ እስከ ዩኒቨርሲቲ ነርስ ያለው ሙያ ሁሉ፣ በዚህች ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ በአውቶቡስ መንገድ ላይ ነው። ጥያቄው ማን በየትኛው ደረጃ ይገባል የሚለው ነው።

የሙያው አራት ደረጃዎች

ብዙ ወላጆች «ልጄ ሆስፒታል ትሠራለች» ይላሉ። ሆስፒታል መሥራት ግን አንድ ሥራ አይደለም። ደረጃዎቹን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

1. መታፔሌት፦ በቤት ውስጥ አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ የምትረዳ ናት። ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች፣ ታጅባለች። መርፌ መውጋትና ይህን የመሰለ የሕክምና ሥራ የእርሷ ድርሻ አይደለም። ሥራው በሰፊው የተከፈተው በሚያዝያ 1988 ሥራ ላይ በዋለው የአረጋውያን እንክብካቤ የመድን ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ቢቱዋሕ ሌኡሚ የአረጋዊውን አቅም መርምሮ የሰዓት ድጋፍ ይወስንለታል፤ ከኅዳር 2018 ወዲህም ድጋፉ በ6 ደረጃ ተከፍሏል። አንድ የእንክብካቤ ኩባንያ መታፔሌቷን ቀጥሮ ይልካታል። ሥልጠናው አጭር ነው፤ ደመወዙ በሰዓት ነው።

2. ኮዋሕ ዔዜር፦ በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን ቤት የነርሶች ረዳት ናት። አልጋ ታነጥፋለች፣ ሕመምተኛ ታገላብጣለች፣ ወደ ምርመራ ታደርሳለች።

3. አሖት ማዓሲት፦ የተግባር ነርስ ናት። ከረዳት ከፍ ያለች፣ ከተመዘገበችው ነርስ ዝቅ ያለች ናት። ከሙሴ ዘመቻ በኋላ፣ ማለትም ከ1985 ወዲህ፣ ከእኛ ሴቶች ቀድመው ወደ ሆስፒታል ከገቡት ብዙዎቹ የገቡት በዚህና በሁለተኛው ደረጃ ነው። ዛሬ ግን በአገሩ ያሉት የተግባር ነርሶች ቁጥር ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እያነሰ መጥቷል፤ ሙያው ወደ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አዘንብሏልና።

4. አሖት ሙስሜኸት፦ የተመዘገበች ነርስ ናት። ባግሩት ያስፈልጋታል፤ ከዚያ የነርሲንግ ትምህርት ትማራለች፤ ለዲግሪ 4 ዓመት ነው። በመጨረሻም የጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የመንግሥት የፈቃድ ፈተና ማለፍ አለባት። ከዚያ በኋላ በጽኑ ሕሙማን፣ በአዋላጅነትና በመሳሰሉት ተጨማሪ ኮርስ መውሰድ ትችላለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። በመንደራችን አዋላጅነት ያለ ወረቀት የሚሠራ ነበር። በዚህ አገር ግን አዋላጅ የምትሆነው አስቀድማ የተመዘገበች ነርስ የሆነች፣ በላዩም ልዩ ኮርስ የጨመረች ናት። ስለዚህ በኢትዮጵያ ብዙ ሕፃናትን በእጇ የተቀበለች እናት እዚህ ስትመጣ የምትገባው ከሁሉ በታች ባለው ደረጃ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ከታችኛው ወደ ላይኛው የሚወስድ ቀጥተኛ መንገድ አለመኖሩ ነው። 10 ዓመት በመታፔሌትነት የሠራች ሴት ለነርሲንግ ትምህርት ብታመለክት የሚጠየቀው ባግሩቷ እንጂ ያጠበቻቸው አረጋውያን ቁጥር አይደለም። በኢትዮጵያ ነርስ ሆና የተመረቀችም ብትሆን ማስረጃዋን አስተርጉማ ለጤና ሚኒስቴር ማቅረብና የፈቃዱን መንገድ መሄድ አለባት። ይህን ያህል ጊዜ ልጆች እያሳደገች፣ ዕብራይስጥ እየተማረች ደመወዝ ሳታገኝ መቆየት የምትችል ጥቂት ናት። ብዙዎች መንገዱን የሚተዉት ዕውቀት አንሷቸው ሳይሆን ጊዜና ገንዘብ አጥረዋቸው ነው።

ይህ በእስራኤል ብቻ የሚታይ አይደለም። በዋሺንግተንና በአካባቢው ያሉ ኢትዮጵያውያንም ብዙዎች ሥራ የሚጀምሩት ሲኤንኤ በሚባለው የነርስ ረዳትነት ነው። በኢትዮጵያ ነርስ የነበረችውም እዚያ በነርስነት ለመሥራት ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ማለፍ አለባት። ፊሊፒንስ ደግሞ ነርሶችንና አስታማሚዎችን ለውጭ አገር ብላ የምታሠለጥን አገር ናት፤ ከእስራኤል ጋርም በ2018 ስለ አስታማሚዎች ስምምነት ፈርማለች። እዚህ ከአረጋውያን ጋር የሚያድሩት የውጭ ሠራተኞች ከዚያ፣ ከሕንድ፣ ከስሪላንካና ከሌሎች አገሮች የመጡ ናቸው። በሌላ በኩል የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 የጤና ባለሙያዎችን ከአገር አገር ስለ መቅጠር የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል። በ2023 ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያን የጤና ባለሙያ እጥረት ካለባቸው 55 አገሮች መካከል አስቀምጧታል። ትርጉሙ ባለሙያው አይሂድ ማለት አይደለም፤ ሀብታም አገር በዘመቻ አይመልምልባት ማለት ነው። ዛሬም በጎንደር ዘመድ ያለን ሁሉ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ልናየው ይገባል።

መንገዱ የሚጀምረው በትምህርት ቤት ነው

እስራኤል ነርስ ይጎድላታል። በዚህ አገር ለ1,000 ሰው ያሉት ነርሶች 5 ገደማ ሲሆኑ፣ ባደጉት አገሮች አማካዩ 9 ገደማ ነው። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ወደ አራተኛው ደረጃ የሚያስገባው ባግሩት፣ በተለይም ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ የሚሠራው በ12ኛ ክፍል ሳይሆን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ነው።

በዚህ ረገድ ፔታ ቲክቫ መጥፎ ትዝታ አላት። በ2009 የትምህርት ዓመት ሊጀምር ሲል በከተማዋ ያሉ 3 የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያ ልጆችን አንቀበልም ማለታቸው በአገሩ ሁሉ ተሰምቶ ትልቅ ቁጣ አስነሥቷል። በኋላ ስምምነት ተደርጎ ልጆቹ ተመደቡ። ቢሆንም ነገሩን ከሙያ ሥልጠና ለይቶ ማየት ስሕተት ነው። በዚያ ዓመት 6 ዓመት የሆናት ሕፃን ዛሬ ነርስ ለመሆን የምትበቃበት ዕድሜ ላይ ናት። ትምህርት ቤቱ ደካማ ከሆነ ለእርሷ የቀረው በር የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት የተማሩ ብዙ ሴቶች ልጆቻችን በሠራዊቱ ፈንታ ሼሩት ሌኡሚ የተባለውን ብሔራዊ አገልግሎት በሆስፒታሎች ይሰጣሉ። ይህ ሥራውን በቅርብ አይቶ ለመወሰን ጥሩ ዕድል ነው።

ቋንቋ ራሱ ሙያ ነው

ሁለት ታላላቅ ጉዳዮች ይህን አስተምረውናል። የመጀመሪያው የደም ጉዳይ ነው። በጥር 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር አወጣ። በጥር 28 ቀን በሺሕ የሚቆጠር ሕዝባችን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፎ ጮኸ። መንግሥትም ጉዳዩን የሚመረምር፣ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ።

ሁለተኛው ዴፖ ፕሮቬራ የተባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ ጉዳይ ነው። በ2012 መጨረሻ በቴሌቪዥን ከቀረበ በኋላ፣ በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቲቱ የመርፌውን ውጤት አልተረዳች ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ካለ ትእዛዙ እንዳይታደስ ለኩፓት ሖሊሞች ጻፉ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው በ2016 ባወጣው ሪፖርት መርፌው በማስገደድ ተሰጠ ለሚለው ክስ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ይሁን እንጂ «ተገደደች ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ሌላ «ገብቷት ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ለዚህኛው መልስ መስጠት የምትችለው ሴቲቱ ፊት ቆማ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የምትጠይቃት ነርስ ብቻ ናት።

በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሕመምተኛ ተረድቶ ፈቃዱን ሳይሰጥ እንዳይታከም ያዛል። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ተቋማት ሁሉ የቋንቋና የባህል ተደራሽነት እንዲያዘጋጁ መመሪያ አውጥቷል። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ መጨረሻ ሬፉዓ ሽሌማ የተባለው ፕሮግራም በክሊኒኮች ውስጥ ከእኛው ወገን የሆኑ አገናኞችን፣ መገሽሪም የሚባሉትን፣ አሠማርቶ ነበር። በ1998 ፕሮፌሰር ዐናት ያፌ በሐዴራ የጀመረችው ጤና ብሪዑት የተባለው ማኅበርም በተለይ በስኳር በሽታ ላይ ይሠራል። ስሙ ራሱ አማርኛውን «ጤና» ከዕብራይስጡ «ብሪዑት» ጋር አጣምሯል። በመንደራችን የማይታወቀው ስኳር በዚህ አገር በየቤቱ ገብቷልና ሥራው ተገቢ ነው።

ቋንቋ ሲባል የቃል ትርጉም ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ያህል የሚከተሉትን እንመልከት።

አዎ ማለት፦ የእኛ ሰው «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። ይህን የማያውቅ ነርስ ትንፋሽ ያጠረው ይመስለዋል።

ደኅና ነኝ፦ ሽማግሌ «እንዴት ነዎት?» ሲባል ሕመም ላይ ሆኖም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ ሰላምታ እንጂ የሕመም መልስ አይደለም። ሕመሙን ለማወቅ ሁለተኛ ጊዜ፣ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልቤን አመመኝ፦ የልብ በሽታ ላይሆን ይችላል። ከጨጓራ ቃር ጀምሮ እስከ ኀዘን ድረስ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ የልብ ሕመምም ሊሆን ስለሚችል ቦታውን በእጅ አሳዩኝ ማለት ይገባል።

ሆዴን ባር ባር አለኝ፦ የሆድ ሕመም አይደለም፤ ጭንቀትና ባዶነት ነው።

ምች መታኝ፦ ለዚህ ዕብራይስጥ ቃል የለውም። ትኩሳትና ራስ ምታት አለ ወይ፣ ከንፈር ቆስሏል ወይ ብሎ ምልክቱን መተርጎም ይሻላል።

መርዶ፦ በባህላችን የሞት ዜና ለብቻው ላለ ሰው በድንገት አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ቤተሰቡ ባለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ ይነገራል። በስልክ «አባትህ ሞቱ» መባል ቤተሰብን ይሰብራል። ነርስ የሆነች ልጃችን ይህን ለክፍል ኃላፊዋ ብታስረዳ ትልቅ ነገር ነው።

ሽማግሌን ስለ ማጠብም እንዲሁ ነው። አንድ አባት በልጅ ልጃቸው ዕድሜ ባለች ሴት መታጠብን እንደ ውርደት ሊያዩት ይችላሉ። «አባባ፣ እስቲ ይፍቀዱልኝ» ብላ፣ ነጠላውን ሳትገፍ ከሥር የምታጥብ አስታማሚ ግን ክብራቸውን ትጠብቃለች። ይህ በማንኛውም የኮርስ መጽሐፍ ውስጥ በደንብ አይገኝም፤ ከእናት የሚወረስ ነው።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው እንዲህ ነው። የእናቶቻችን ትውልድ እጁና ቋንቋው ነበረው፤ ወረቀቱ አልነበረውም። የልጆቻችን ትውልድ ወረቀቱን እያገኘ ነው፤ ነገር ግን አማርኛውንና ትግርኛውን እያጣ ነው። በእስራኤል ካለው ከ160,000 በላይ ወገናችን ግማሽ የሚጠጋው እዚህ የተወለደ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ፣ ፊቷ እንደ እኛ የሆነ፣ አልጋው አጠገብ ቆማ የእማማን ንግግር ሳትረዳ ብትቀር፣ ሥልጠናው በአንድ እግሩ ቆሟል ማለት ነው። ሙሉ የሚሆነው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ስለዚህ ለቤተሰቦች የምንመክረው እነሆ።

አንደኛ፣ ለኮርስ ከመመዝገብ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ከአራቱ ደረጃዎች ለየትኛው ነው? በጤና ሚኒስቴር የታወቀ ነው ወይ? ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ ምን ይፈለጋል? «የነርስ ኮርስ» ተብሎ የረዳት ኮርስ እንዳይሸጥባችሁ።

ሁለተኛ፣ ልጃችሁ ገና በመካከለኛ ክፍል ሳለች የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደረጃዋን ተከታተሉ። ዝቅተኛ ክፍል ውስጥ የተመደበች ልጅ በኋላ ማካካሻ ትምህርት ብትማርም ዓመታት ታጠፋለች።

ሦስተኛ፣ በቤት ውስጥ በራሳችሁ ቋንቋ አነጋግሯት። ይህ ለአያት ክብር ብቻ አይደለም፤ ነገ በሥራዋ ላይ ሌላ ነርስ የሌላት ዕውቀት ይሆናታል።

አራተኛ፣ በመታፔሌትነት የሚሠሩትን እናቶች አንናቅ። የሰው አካል ያጠበ እጅ የተከበረ እጅ ነው። ደመወዛቸው በሕጉ መሠረት መከፈሉን፣ የጡረታና የዕረፍት መብታቸው መጠበቁን ልጆች የደመወዝ ወረቀቱን እያነበቡ ያረጋግጡላቸው።

ለተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ልመና አለን። የዘመቻዎቹ ታሪክ፣ የአውሮፕላኖቹና የባለ ሥልጣኖቹ ስም በሰፊው ተጽፏል። በአራስ ጎጆ ያዋለዱት፣ በኡም ራኩባ ውሃ ያጠጡት፣ በአዲስ አበባ ቤት ለቤት የዞሩት፣ እዚህ በቤይሊንሶንና በቤት ሪቭካ የሌሊት ተራ የሠሩት ሴቶች ግን ቃላቸው ገና አልተሰበሰበም። ልጆቻቸው መቅረጫ ይዘው ይጠይቋቸው፤ የተወለዱበትን መንደር፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ምን ምን መድኃኒት ይጠቀሙ እንደነበር ይመዝግቡ። ዕድሜ አይጠብቅምና ሥራው በዚህ ዓመት ይጀመር።

እግዚአብሔር ሕሙማኖቻችንን ይማር፤ ለሚያስታምሟቸውም ብርታቱን ይስጥልን።